አዲሱ ቧንቧ ከአሮጌው ቀድሞ ተበሳ፤ ሁለት ኤሌክትሮድ ደግሞ ሁለት ቁጥር ሰጠኝ። የትኛውን ልመን?

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዩ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። ግቢያችን ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ያለ ጥቁር ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ያስወልቃል። እዚህ አፈር ውስጥ የተቀበረ የቆየ የብረት የውሃ መስመር አለን። አንድ ቦታ ላይ በልቶት ስለነበር ቆርጠን አወጣንና አዲስ ቧንቧ በየድንበት። አሮጌው ዕድሜውን ጠግቧል፣ አዲሱ ያሻግረናል ብለን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተበሳው አዲሱ ሆነ! ከግራና ከቀኝ ያለው አሮጌ ቧንቧ ዛሬም ውሃ አያንጠባጥብም።

ግቢው በሙሉ «ፎርጅድ ነው የሸጡላችሁ» እያለ ነው። ሻጩ ደግሞ ይምላል ይገዘታል።

አሁን ለጥገና ተቆርጦ ስላለ አዲሱንና አሮጌውን ለየብቻ ለካኋቸው። የለካሁት ራሴ በሠራሁት የኮፐር ሰልፌት ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ ነው። አዲሱ −0.62 ቮልት፣ አሮጌው −0.38 ቮልት አነበበ። ከዚያ የላብራቶሪያችን ባልደረባ የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዷን ይዛ መጣች። ያንኑ አዲስ ቧንቧ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለካችና −0.50 አገኘች። የ120 ሚሊቮልት ልዩነት! «ያንተ የጓዳ ሥራ ነው፣ የእኔ ከፋብሪካ የወጣ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ቁጥሩስ ስለ ቧንቧው ምን ይነግረኛል?

ሐረጎ_ቁልቁለት

አብሽር ወንድሜ፣ ምን ያመራምርሃል? ፎርጅድ ነው። ዘንድሮ ፎርጅድ ያልሆነ ምን አለ? ለመሆኑ ጋልቫናይዝድ ብለው ነው የሸጡልህ?

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

የለም፣ ጥቁር ብረት ነው። አሮጌውም እንደዚያው።

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

ለሐረጎ ጥያቄ ቁጥሩ ራሱ ይመልሳል። አፈር ውስጥ ያለ አዲስ ጋልቫናይዝድ በኮፐር ሰልፌት ሲለካ ወደ −1.0 እና −1.1 ይጠጋል፣ ዚንኩ ነዋ የሚናገረው። −0.62 የራቁት ብረት ቁጥር ነው። ሻጩ ጥቁር ብረት ነው ብሎ ከሸጠ እዚህ ላይ አልዋሸም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጨርሶ ልዩነት የላችሁም።

ቴስተር ላይ የምታየው ቮልት ሁልጊዜ የሁለት ነገር ልዩነት ነው። ቧንቧ ብቻውን የሚለካ ቮልት የለውም። አንዱን ሽቦ ቧንቧው ላይ ታስራለህ፣ ሌላው ሽቦ አፈሩን መንካት አለበት። በምን ይንካ? ሚስማር ብትተክልበት ሚስማሩ ራሱ ከአፈሩ ጋር የራሱን ፖቴንሻል ይፈጥራል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ባለበት የሚረጋ ነገር ያስፈልጋል። ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ ማለት ይኸው ነው፤ እንደ መዳብ ወይም ብር ያለው በራሱ ጨው በጠገበ መፍትሔ ውስጥ ተቀምጦ የማይናወጥ ፖቴንሻል የሚይዝ ነገር።

ችግሩ የረጋበት ቦታ እንደየዓይነቱ ይለያያል። በዓለም ላይ ዜሮ ተብሎ የተስማሙበት የሃይድሮጂን ኤሌክትሮድ ነው። ከእሱ አንጻር በ25 ዲግሪ የጠገበ ኮፐር ሰልፌት +0.316 ላይ ነው። በጠገበ ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ የብር ክሎራይድ +0.197 ላይ ነው። የድሮ ላብራቶሪዎች የሚወዱት ካሎሜል +0.241 ነው። እሱ ሜርኩሪ ስላለበት አሁን እየቀረ ነው።

አሁን ደምር። ያንተ −0.62 ላይ 0.316 ስትጨምር −0.304 ይሆናል። የእሷ −0.50 ላይ 0.197 ስትጨምር −0.303። አለቀ።

ደሴ ከባህር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቆሞ ለሚለካት 650 ገደማ ናት። የጦሳ ተራራ ግን ከቦታው አልተነሳም። ከዚህ በኋላ ሰው «ፖቴንሻሉ ይሄን ያህል ነው» ሲልህ «ከምን አንጻር?» በለው። ካልመለሰ ቁጥሩን አትጻፈው።

ለባልደረባህም አንድ መልእክት አድርስልኝ። ኤሌክትሮዷ በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላ ከሆነ +0.197 ሳይሆን +0.21 ገደማ ነው የምትጠቀመው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ትይ።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ነገ ጠዋት ሻይ ቡና የምትጋብዘው እሷ ናት።

3ኛ_ዓመት

ነጭ ጋውን፣ እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ። የብረት ስታንዳርድ ፖቴንሻል −0.44 ነው ብለን ነው የተማርነው። እዚህ ግን −0.62 ተባለ። ፖቴንሻል በሟሟው መጠን ስንት እንደሚለወጥ በሚያሰላው በኔርንስት ቀመር ሞከርኩት። −0.44 የሚሠራው የሟሟው ብረት 1 ሞላር ሲሆን ነው፤ ጭቃ ውስጥ እንደዚያ አይገኝም። ስለ ዝገት ሲሰላ እንደሚደረገው 0.000001 ሞላር ወሰድኩ። ብረት ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚለቅ መጠኑ በ10 እጥፍ በቀነሰ ቁጥር 29.6 ሚሊቮልት ይወርዳል። ስድስት ጊዜ ሲወርድ −0.617 ይመጣል። ከእሱ −0.62 ጋር ቁጭ! ቴዎሪው ሠራ ማለት ነው?

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

ሒሳብህ አንድም ስህተት የለውም። መደምደሚያህ ግን ገደል ገባ። ያንተ −0.617 ከሃይድሮጂን አንጻር ነው። የእሱ −0.62 ከኮፐር ሰልፌት አንጻር ነው። እሱን ወደ ሃይድሮጂን ስትመልሰው −0.304 ነው፤ ገና ከላይ ሠራነው። ከ300 ሚሊቮልት በላይ ተራርቃችኋል። ቁጥሮቹ የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ነው ሰውን ጉድ የሚሠራው።

እንዲያውም ባይገጥም ነው ትክክሉ። የአንተ ቁጥር ብረትና የሟሟ ብረት ብቻቸውን ተመጣጥነው ሲቀመጡ ነው። ጭቃ ውስጥ ግን ሌላ እንግዳ አለ፣ ኦክስጅን። ኦክስጅን ኤሌክትሮን መቀበል ይፈልጋል። አሲድም ሆነ ቤዝ ባልሆነ ውሃ ውስጥ የእሱ ሚዛን ያለው +0.8 አካባቢ ነው። ብረቱ ወደ −0.617 ይጎትታል፣ ኦክስጅኑ ወደ +0.8 ይጎትታል። ቧንቧው አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ መቀመጥ አይችልም። ብረቱ የሚለቀው ከረንትና ኦክስጅኑ የሚወስደው ከረንት እኩል የሚሆኑበት ነጥብ ላይ ይቀመጣል። የዝገት ፖቴንሻል የሚባለው ያ ነጥብ ነው። ይህን ሐሳብ ዋግነር እና ትራውድ የሚባሉ ጀርመኖች በ1938 አጥርተው አስቀመጡት። −0.304 በሁለቱ መካከል መሆኑን ልብ በል። መካከል ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል።

3ኛ_ዓመት

አሁን ገባኝ። ፈተና ላይ ይሄ ቢመጣ ግማሹ ክፍል ይወድቃል።

ጡረታ_ላይ

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ስላለኝ ነው የገባሁት። እኔ አሰብ ወደብ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ጨው ውሃ ብረትን ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ያየሁ ነኝ።

የቧንቧው ልጅ፣ ሻጩን አታስቀይም። የነገርኸን ሁለተኛው ቁጥር ነው ዋናው። አዲሱ −0.62፣ አሮጌው −0.38። ሁለቱም የተለኩት በአንድ ኤሌክትሮድ ስለሆነ ማነጻጸር ትችላለህ። ልዩነቱ 240 ሚሊቮልት ነው። ሁለቱን ስትበይዳቸው አንድ ባትሪ ሠራህ ማለት ነው። ጭቃው የባትሪው ውሃ ሆነ፣ ብየዳው ደግሞ ሽቦው።

ይህ የታወቀ ነገር ነው። ንጹሕ ብረት አፈር ውስጥ ሲገባ በኮፐር ሰልፌት ከ−0.5 እስከ −0.8 ያነብባል። የቆየ፣ ዝገት የለበሰ ብረት ከ−0.2 እስከ −0.5 ነው። ይበልጥ ነጌቲቭ የሆነው አኖድ ይሆናል፤ የሚበላው እሱ ነው። አሮጌው ካቶድ ይሆናል፤ እየተጠበቀ ይኖራል። አሮጌው መስመርህ «ደህና» የሆነው አዲሱ ስለሚሞትለት ነው።

ክፋቱ ደግሞ ስፋቱ ነው። የአዲሱ ቁራጭ ርዝመት ስንት ነው? አሮጌውስ? ካቶዱ ሰፊ፣ አኖዱ ጠባብ ሲሆን ያ ሁሉ ከረንት በትንሽ ቆዳ ላይ ይወርዳል። በተለይ ብየዳው አካባቢ ይጠናል።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አዲሱ አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። አሮጌው የግቢውን ግማሽ ይዞራል። የተበሳውም እንዳሉት ከብየዳው ብዙ ሳይርቅ ነው። በጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ጉድጓድ፣ ዙሪያው ያልተነካ ብረት።

እንግዲያው አዲሱን ቁራጭ ደህና አድርጌ ቀለምና ሬንጅ ብቀባውስ?

ጡረታ_ላይ

እንዳታደርገው! አዲሱን ብቻ ከቀባህ የባሰ ታመጣለህ። ቀለም ሲቀባ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የተረሳች ቦታ አትጠፋም። ያ ሁሉ የአሮጌው ከረንት በዚያች ቀዳዳ ብቻ ይወጣል። ቀድሞ በዓመት የሚበሳው በወራት ይበሳል። አንዱን ብቻ የመቀባት ዕድል ካለህ አሮጌውን ቀባ፣ ካቶዱን። ሰው ሲሰማው ተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ ከረንቱን የሚያሳንሰው ግን ያ ነው። አሮጌውን ሁሉ ቆፍሮ ማውጣት ስለማይሆንልህ ግን ሌላ መላ እንፈልግ።

መላው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአሮጌና በአዲስ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ማያያዣ ማስገባት። ወይም ቁራጩን ራሱን በፕላስቲክ ቧንቧ መተካት። ሁለተኛ፣ ከሁለቱም ይበልጥ ነጌቲቭ የሆነ ሦስተኛ ብረት ማሰር። ዚንክ በኮፐር ሰልፌት −1.1 ገደማ ነው። ማግኒዚየም ከ−1.5 በታች ይወርዳል። እሱ ይበላል፣ ቧንቧው ይተርፋል። መርከቦች ላይ ከውሃው በታች የሚታሰሩት የዚንክ ጡቦች ለዚህ ነበሩ። አሰብ እያለሁ እየተበሉ አልቀው ሲለወጡ አያለሁ።

ነገሩ የዛሬ 200 ዓመት የተጀመረ ነው። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ ሆድ ላይ ያለውን የመዳብ ልባስ በብረትና በዚንክ ቁራጭ አዳነው። መዳቡ መሟሟቱን አቆመ። ግን መዳቡ ሲሟሟ ነበር ለካ የባሕር አረምና ቀንድ አውጣውን የሚመርዘው! መዳቡ ሲድን መርከቡ አረም አበቀለና መጎተት ጀመረ። የባሕር ኃይሉ አልተደሰተም።

ማግኒዚየም ካሰርክ መብቃቱን በምን ታውቃለህ? ቧንቧው በኮፐር ሰልፌት −0.85 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ነው። ይህን ልክ ያወጣው ሮበርት ኩን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1928 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የጋዝ መስመር ላይ ሲሠራ። ስትለካ ግን ተጠንቀቅ። ከረንት እየፈሰሰ ከሆነ አፈሩ ራሱ የተወሰነ ቮልት ይጨምርብሃል። ማግኒዚየሙን ፍታና በዚያው ቅጽበት የምታየውን ቁጥር ውሰድ።

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

ጋሼ ያሉትን −0.85 ባልደረባህ በእሷ ኤሌክትሮድ ልለካ ብትል −0.73 ገደማ ነው የምትጠብቀው። −0.85 ብላ ብትጠብቅ ማግኒዚየም ያለ ልክ ትጨምራለች። ተመሳሳይ ወጥመድ ነው።

አርማታ

ይቅርታ፣ ከቧንቧ ላወጣችሁ ነው። እኔ ሕንፃ ላይ ነኝ። እኛም በኮፐር ሰልፌት እንለካለን፣ የፌሮ ዝገት ለማወቅ። አርማታውን ታረጥበዋለህ፣ ኤሌክትሮዱን ላዩ ላይ ታሳርፋለህ፣ ሌላውን ሽቦ የሆነ ቦታ ቦርቡረህ ፌሮው ላይ ታስራለህ። ከ−0.20 በላይ ከሆነ በ90 በመቶ ዕድል ፌሮው እየዛገ አይደለም። ከ−0.35 በታች ከወረደ በ90 በመቶ ዕድል እየዛገ ነው። መሃል ላይ ያለው ያጠራጥራል። ስታንዳርዱ እንዲህ ነው የሚለው።

አንድ ጊዜ ደሴ ላይ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ የተለካበት ወረቀት ደረሰኝ። ሁሉም ካሬ −0.27፣ −0.29፣ −0.26። ባለቤቱ «ያጠራጥራል» ተብሎ ተነግሮታል። በምን ለካችሁት ብል የብር ክሎራይድ ነው። ወደ ኮፐር ሰልፌት ስመልሰው ወደ −0.40 ወረደ። መጠራጠሩ ቀረ። በኋላ ሲፈለፈል ፌሮው እንደ ቅርፊት ይላጥ ነበር።

ለቴስተር በእጄ አንድ ጥያቄ። ቧንቧችሁ አርማታ ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል?

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

አዎ፣ የፓምፕ ቤቱን መሠረት። ምን አገናኘው?

አርማታ

ሲሚንቶ ውስጥ ያለ ብረት ፒኤች 13 አካባቢ ስለሆነ ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይለብሳል። ያኔ −0.2 አካባቢ ይቀመጣል። ቧንቧህ ፌሮውን ከነካ ያ ሁሉ የመሠረት ፌሮ ሌላ ትልቅ ካቶድ ሆኖልሃል ማለት ነው። ይህንንም አስብበት።

ሐረጎ_ቁልቁለት

እኔ ፎርጅድ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ አትስደቡኝ። ይልቅ ይሄን ኤሌክትሮድ እንዴት ሠራኸው? ደሴ ሰኞ ገበያ ይገኛል እንዳትለኝ።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

ዕቃው ሰኞ ገበያም አይጠፋም! ጣት የምትገባበት የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ። ከታች መድፈኛው የሸክላ ገል ነው። ከተሰበረ እንስራ ላይ ያልታሸ፣ ጥቀርሻ ያልነካው ቦታ መርጬ በሞረድ ክብ አደረግሁትና ዙሪያውን በኢፖክሲ ዘጋሁት። እንስራ ላብ የሚያወጣው ውሃ ስለሚያሳልፍ አይደል? እዚህም የሚፈለገው ያ ነው። ፈሳሹ ቀስ ብሎ አፈሩን እንዲያርስ እንጂ እንዳይፈስ።

ውስጡ ከመብራት ገመድ የተላጠ ወፍራም መዳብ አለ። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት። ከዚያ ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ40 ግራም በላይ ጨመርሁ። ሁሉም አይሟሟም፤ ታች የሚቀር ፍሬ መኖር አለበት። መጥገቡን የምታውቀው በዚያ ነው። ውሃው የተጣራ ነው፣ ባትሪ ቤት የሚሸጠው። አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ።

ስለካ የመለኪያ ቦታውን በውሃ አረጥበዋለሁ። ቧንቧውን በሞረድ ፍቄ የቴስተሩን ቀይ አስርበታለሁ፣ ጥቁሩ ኤሌክትሮዱ ላይ ነው። ከተገለበጠ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ይመጣል።

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

ገሉ ገደለኝ! በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። የተወሰነ ልጨምርበት።

ቱቦው ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለው። ፀሐይ ሲነካው የኮፐር ሰልፌት ንባብ በአሥር ሚሊቮልቶች ይዛነፋል። ሙቀትም በየዲግሪው 0.9 ሚሊቮልት ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ጠዋት ደሴ በብርድ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ በሐሩር ብትለካ 15 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 14 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ለቧንቧ ሥራ አያስጨንቅም፤ እንዳለ ግን እወቀው። ከሁሉ የሚከፋው ጨው ነው። ክሎራይድ በገሉ ሾልኮ ከገባ የኤሌክትሮዱ የራሱ ፖቴንሻል ይወርዳል፤ የቧንቧው ንባብም ከእውነተኛው ያነሰ ነጌቲቭ ሆኖ ይታይሃል። ፈሳሹን ቀይር፣ መዳቡን እንደገና ፈትግ። ሽቦ የበየድክበት ሊድ ፈሳሹን አይንካ።

ቴስተሩ ዲጂታል ይሁን። ደህናው ዲጂታል ከውስጥ 10 ሜጋኦም ገደማ ስላለው ከኤሌክትሮዱ የሚወስደው ከረንት ከቁጥር አይገባም። የድሮው ባለ መርፌ ቴስተር ግን ከረንት ይስባል። ጭቃው ደረቅ ከሆነ ቁጥሩን ያሳንስብሃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ኮፐር ሰልፌት መርዝ ነው። የተረፈውን በውሃ ላስቲክ አትያዙ፣ ቦርከና ላይም አትድፉ።

3ኛ_ዓመት

ዜሮው ሃይድሮጂን ከሆነ ለምን በቀጥታ በእሱ አንለካም? ይሄ ሁሉ መደመር መቀነስ ይቀር ነበር።

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

ፕላቲነም ይዘህ፣ የሃይድሮጂን ሲሊንደር ተሸክመህ፣ አሲድ ብልቃጥ አንጠልጥለህ ጭቃ ውስጥ ግባና ንገረኝ።

ቀልዱ ይቆይና፣ ላብራቶሪ ውስጥም ለእኛ ለደጋ ሰዎች አንድ ጣጣ አለው። ስታንዳርዱ ሃይድሮጂኑ 100 ኪሎፓስካል ሆኖ እንዲፈስ ይላል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ጋዙ አረፋ እየሠራ ሲወጣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ከዚያ ላይ የውሃ እንፋሎት 3 ገደማ ይወስዳል። ቀሪውን 72 በኔርንስት ስታስገባ ዜሮው ወደ +4 ሚሊቮልት ይሸሻል። ኮምቦልቻ 3 ሚሊቮልት። የመማሪያ መጽሐፉን ዜሮ ማግኘት የፈለገ ባሕር ዳርቻ ይውረድ ወይም ሒሳቡን ያርም። እኛ የብር ክሎራይዱን እንይዛለን፣ ሥራችንን እንሠራለን።

3ኛ_ዓመት

ደሴ ዜሮ የለም ማለት ነው። ለጓደኞቼ እነግራለሁ!

ሐረጎ_ቁልቁለት

እሺ፣ እኔም ልጠይቅ። −0.62 ከ−0.38 የባሰ ነው አላችሁ። ታዲያ አንድ ቧንቧ −0.70 ቢያነብ ከ−0.62 ፈጥኖ ይበሳል ማለት ነው?

ጡረታ_ላይ

አይደለም። ፖቴንሻል ከረንቱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል እንጂ ስንት እንደሚሄድ አይነግርህም። ከውሃ በታች ያለ ኦክስጅን የራቀው ብረት በጣም ነጌቲቭ ሆኖ፣ ግን በዝግታ እየዛገ ሊኖር ይችላል። ኦክስጅን ስለሌለ ኤሌክትሮኑን የሚቀበል የለማ። ፍጥነቱን የምታውቀው ከረንቱን ስትለካ ነው። ልጄ፣ ቧንቧው እስካሁን ተቆርጦ ካለ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሚሊአምፔር አስገባና ንገረን።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። አዲሱ ቁራጭ ጭቃው ውስጥ እንዳለ፣ በእሱና በአሮጌው መካከል ቴስተሩን ወደ ሚሊአምፔር አድርጌ አስገባሁ። መጀመሪያ ወደ 14 ዘለለ። ቀስ እያለ ወረደና 10 ላይ ረጋ። የሚፈሰውም ጋሼ በተናገሩት አቅጣጫ ነው። 10 ሚሊአምፔር ምን ያደርጋል? አንድ የስልክ ቻርጀር የዚህን መቶ እጥፍ ይሰጣል።

ነጭ_ጋውን (ደሴ)

አትናቀው። 1 አምፔር ዓመቱን ሙሉ ቢፈስ 9.1 ኪሎ ግራም ብረት ይበላል። ይህ የፋራዳይ ሕግ ነው፣ ክርክር የለውም። 10 ሚሊአምፔር 91 ግራም ይሆናል። የቧንቧህ ግድግዳ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ለመክፈት 2.4 ግራም ገደማ ይበቃል። ከረንቱ በቁራጩ ላይ ተሰራጭቶ ቢወጣ ብዙ ዓመት ትቆይ ነበር። አንተ ያየኸው የጥፍር ጉድጓድ ግን አንድ ቦታ ላይ መሰብሰቡን ይናገራል። ቴስተሩ ራሱ ትንሽ ስለሚያግደው፣ በይደህ ስታገናኘው ከ10 ያልፋል እንጂ አያንስም።

መብራት_ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ ዝገት ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ሰው ሕይወት ልናገር። ቧንቧውን በፕላስቲክ ከመለየትህ በፊት የግቢው ኧርዝ በእሱ ላይ አለመታሰሩን አይተሃል? እዚህ ብዙ ቤትና ድርጅት ኧርዙን ውሃ ቧንቧ ላይ አስሮ ነው የሚኖረው። ከቆረጥከው ኧርዝ የለህም። ማሽን ሾርት ቢያደርግ የሚነካው ሰው ነው የሚመታው። ተቆርጦ ባለበት ሰዓት ደግሞ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ እንዳትይዝ!

ሌላም አለ። ኧርዙ የመዳብ ዘንግ ጋር የተያያዘ ከሆነ ለዝገትህም ነገር ያመጣል መሰለኝ፤ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጡረታ_ላይ

እሰይ! ይህን ማን አሰበው? መዳብ አፈር ውስጥ በኮፐር ሰልፌት −0.2 አካባቢ ነው። ከአሮጌው ቧንቧም የባሰ ካቶድ ነው። ሄደህ እይ፣ ልጄ።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

አየሁ። ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ቀለም የተቀባበት ማሰሪያ አለ። ስፍቀው አረንጓዴ ሽቦ ወጣ። አንድ ጫፉ ቧንቧው ላይ፣ ሌላው ከቦርዱ ስር የተተከለ የመዳብ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ አጠገብ ያለውን አፈር አርጥቤ በኤሌክትሮዴ ስለካው −0.24። ከቧንቧው ጋር ስለተያያዘ ትንሽ ተጎትቶ ይሆናል።

አላስነካሁትም። ቦርዱም ሥራ ላይ ነው።

መብራት_ሠሪ (ኮምቦልቻ)

ደግ አደረግህ። ፋብሪካው ሲያቆም፣ ዋናው ማብሪያ ወርዶ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይነካው። መጀመሪያ ቦርዱ የራሱ በቂ ኧርዝ እንዲኖረው ጋልቫናይዝድ ዘንግ እንተክላለን። በኧርዝ ቴስተር ለክተን ሲያልፍ ብቻ የቧንቧውን ማሰሪያ እንፈታለን። ሥራ የሚቆምበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

ጡረታ_ላይ

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ፣ ፕላስቲኩን ከማስገባትህ በፊት፣ ሚሊአምፔሩን መልሰህ ለካ። 10ሩ ስንት ላይ እንደሚወርድ ማየት እፈልጋለሁ። መሠረቱ ውስጥ ያለው ፌሮም ድርሻ ካለው ያኔ ይታያል።

ቴስተር_በእጄ (ኮምቦልቻ)

እሺ ጋሼ። በሁለቱም ኤሌክትሮድ ለክተን፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ስሙን ጽፈን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።